የጨዋታ ላፕቶፕን ከዊንዶውስ ወደ ሊኑክስ ማሻገር

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ስምንተኛ ትውልድ ያልደረሱ አብዛኞቹ የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ደግሞ የዊንዶውስ 11ን መስፈርት አያሟሉም። ታዲያ አንድ የመንደራ ቆጪ ተማሪ የሚጫወትበትን፣ የመመረቂያ ጽሑፉንም የሚያዘጋጅበትን እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ይጣለውን? አያስፈልግም፤ ሊኑክስ አለለት።

ለዊንዶውስ የተሠራ ጨዋታ ምስሉን የሚያዝዘው በአብዛኛው ዳይሬክትኤክስ በተባለ ሥርዓት ነው፤ ሊኑክስ ይህን አያውቅም። ቫልቭ የተባለው ኩባንያ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. ያወጣው ፕሮቶን ግን እንደ አስተርጓሚ በመካከል ገብቶ ትእዛዙን ወደ ቩልካን ይመልሰዋል፤ ይህንንም የግራፊክስ ካርዱ ድራይቨር ይረዳዋል። የጨዋታውን ስሌት ፕሮሰሰሩ ያለ አስተርጓሚ ስለሚያከናውነው፣ የሚታጣው ፍጥነት ብዙውን ጊዜ አነስተኛ ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉም ጨዋታ አይሠራም። ቫሎራንትና ፎርትናይት የማጭበርበር መከላከያቸው ሊኑክስን ስለማይቀበል አይከፈቱም። ቩልካንን የማይደግፉ አሮጌ ካርዶችም ከዚህ ትርጉም አይጠቀሙም።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ አስቀድመው ጽሑፎችዎን በሌላ ዲስክ ይገልብጡ። ቀጥሎም ኡቡንቱን በፍላሽ ጭነው፣ ዊንዶውስን ሳይነኩ ከፍላሹ አስነሥተው ዋይፋዩን፣ ድምፁንና ስክሪኑን ይፈትሹ። ዲስኩን መደምሰስ የመጨረሻው እርምጃ ይሁን።