ጣሪያዋ የሚታጠፍ መኪና ደጅ ስታድር

ኤምጂቢ የምትባለው እንግሊዛዊት የስፖርት መኪና አቢንግደን ከሚገኘው ፋብሪካ መውጣት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። በ1980 ምርቷ ሲቋረጥ፣ የብረት ጣሪያ ያላትን እህቷን ጨምሮ ከ500,000 በላይ ተሠርታ ነበር። ታሪኳ ግን እዚያ ላይ አላበቃም። በ1988 ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ የተባለው ኩባንያ የድሮዎቹን የላሜራ መጭመቂያ ቅርጾች አሰባስቦ የመኪናዋን ሙሉ ቦዲ እንደገና ማምረት ጀመረ። ሞተር አይደለም፣ ካምቢዮም አይደለም፤ ባዶውን ቦዲ። ገዢዎቹ ከአሮጌዋ መኪናቸው ሞተሩን፣ መሪውን፣ ወንበሩንና መብራቱን ነቅለው አዲሱ ቦዲ ላይ የሚገጥሙ ሰዎች ነበሩ።

የኤምጂቢ 1,798 ሲሲ ሞተር ከወፍራም ጊዛ የተሠራ ነው። ቢደክም ይፈታል፣ ይታደሳል፣ ተመልሶ ይገጠማል፤ ሙያው ያለው መካኒክ አያጣውም። ቦዲው ግን እንደዚያ አይደለም። አንዴ ከውስጥ መበላት ከጀመረ ወጪው ከመኪናዋ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። አንድ ሰው የቆየች ክፍት መኪናን የዕለት መመላለሻ ላድርጋት ብሎ ሲያስብ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ነው፦ ጠዋት ትነሳለች ወይ? መንገድ ላይ ጥላኝ ትቆማለች ወይ? ጋራዥ የሌለው ደግሞ ደጅ ብታድር ምን ይውጣታል ይላል። ከእነዚህ ሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ውሃ በየት እንደሚገባና ከገባ በኋላ ምን ያህል እንደሚቆይ ነው።

ክፍት መኪና ከሌላው ይበልጥ ዝገትን የምትፈራበት ምክንያት ከአሠራሯ ይመነጫል። የጫማ ካርቶን ክዳኑ እንደተገጠመ ለመጠምዘዝ ያስቸግራል፤ ክዳኑ ሲነሳ ግን እንደልብ ይጣመማል። ጣሪያ የሌላት መኪናም እንዲሁ ናት። ከኤምጂቢ በፊት የነበረችው ኤምጂኤ ቦዲዋ የሚያርፍበት ራሱን የቻለ ሻንሲ ነበራት። ኤምጂቢ ሻንሲ የላትም፤ ጭነቱን ሁሉ የሚሸከመው ላሜራው ራሱ ነው። ጣሪያው ይጋራው የነበረው ኃይል በአብዛኛው የሚያርፈው ከበሮቹ ሥር፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ በተዘረጋው የላሜራ ሳጥን ላይ ነው። ሳጥኑ ከተደራረበ ላሜራ የተበየደ፣ ውስጡ ባዶ፣ ከውጭ ሲታይ ግን የበሩ ጠርዝ ብቻ የሚመስል ነው። ውሃና ጭቃ ቢያቁር ከላይ ማንም አያውቅበትም።

ያገለገለች ኤምጂቢ ሊገዛ የመጣ አዋቂ ቀለሟን ከማድነቁ በፊት ክሪክ ይጠይቃል። በሩን ዘግቶ በበሩና በቦዲው መካከል ያለውን ክፍተት በጣቱ ይለካል። ከዚያ መኪናዋን በአንድ ጎኗ ከፍ አድርጎ ክፍተቱን ዳግም ይለካል፤ በሩንም ይከፍታል፣ ይዘጋል። ክፍተቱ ከተለወጠ ወይም በሩ አልዘጋ ብሎ ከያዘ፣ ላዩ ትናንት የተቀባ ቢሆንም ሳጥኑ ከውስጥ ደክሟል ማለት ነው። ሳጥኑን ለመቀየር የተነሳ ጥሩ በያጅም አሮጌውን ከመቁረጡ በፊት በበሩ ክፍት ቦታ ላይ የብረት ዘንግ አጋድሞ ይበይዳል። ያን ካላደረገ ቦዲው መሀሉ ላይ ይረግባል፤ አዲሱ ሳጥን በተጣመመው ላይ ይበየድና በሩ ከዚያ በኋላ በቦታው አይገጥምም።

ብረት ለመዛግ ኦክሲጅንና ውሃ ይፈልጋል። ውሃው በዓይን የሚታይ ጠብታ ላይሆን ይችላል። ቬርኖን የተባለው እንግሊዛዊ ኬሚስት በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ባካሄዳቸው ሙከራዎች እንዳሳየው፣ አንጻራዊው የአየር እርጥበት 60 በመቶ ገደማ እስኪደርስ ድረስ ብረት የሚዝገው እጅግ በዝግታ ነው። ከዚያ ሲያልፍ፣ በተለይ አየሩ በጭስ የተበከለ ከሆነ፣ ዝገቱ በአንድ ጊዜ ይፈጥናል። ከብረቱ የሚወጣው ዝገት ደግሞ ከብረቱ ራሱ ብዙ እጥፍ ቦታ ይይዛል። ስለዚህ ቀለሙን ከሥር ያነሳዋል፣ የተደራረበውን ላሜራ ፈልቅቆ ይለያየዋል፣ በተከፈተው ስንጥቅም ሌላ ውሃ ይገባል።

ጨው ሲጨመርበት ነገሩ ይከፋል። በእንግሊዝ አገር ክረምት ሲመጣ መንገዱ በረዶ እንዳይጋግር እንደ ዊንስፎርድ ካሉ የምድር ውስጥ ማዕድናት የሚወጣ ጨው ይረጭበታል። ተራው ጨው የአየሩ እርጥበት 75 በመቶ ሲደርስ ውሃ ከአየር ስቦ ራሱ ይሟሟል፤ በአንዳንድ አገሮች ለመንገድ የሚውለው ማግኒዥየም ክሎራይድ ደግሞ 33 በመቶ አካባቢ ላይ ይህንኑ ያደርጋል። ዝናቡ ካባራ፣ አስፋልቱም ከደረቀ በኋላ፣ ሆዷ ሥር ጨው የለበሰች መኪና አሁንም እርጥብ ናት።

ጋራዥ ሁልጊዜ ይሻላል የሚለው እምነት የሚፈተነውም እዚህ ላይ ነው። ጨው ጠጥታ የገባች መኪና፣ አየር በማይዘዋወርበትና ሞቅ ባለ ቤት ውስጥ ስትቆለፍ ውሃው የሚወጣበት ያጣል፤ ሙቀቱም ኬሚካላዊውን ሂደት ያፋጥነዋል። ደጅ ንፋስ ላይ የቆመችው ግን ዝናቡ ሲያቆም ከእሷ ይልቅ ቶሎ ትደርቃለች። ደረቅና አየር የሚገባው ጋራዥ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፣ ክርክርም የለውም። እርጥበት ያዘለ ጎተራ ብቻ ያለው ግን መኪናዋን ደጅ ቢያሳድራት ጉዳት የሚያደርስባት መስሎት ሊጸጸት አይገባም።

ደጅ ማደር የራሱ ጠላት አለው፤ ጤዛ። ሰማዩ ጥርት ባለበት ሌሊት የመኪናዋ ላሜራ ሙቀቱን በጨረር መልክ ወደ ሰማይ ይለቃል፤ ከዙሪያው አየር በታች እስኪቀዘቅዝም ይደርሳል። አየሩ ውስጥ ያለው ተን እላዩ ላይ ውሃ ሆኖ የሚያርፈው ያኔ ነው። አንዲት ጠብታ ባልዘነበችበት ሌሊት ማግስት መኪናዋ ታጥባ ያደረች መስላ የምትገኘው ለዚህ ነው። ግድግዳ የሌለው፣ በአራት ቋሚ ላይ የተዘረጋ የቆርቆሮ ጥላ ብዙ የሚረዳው ላሜራውን ከሰማዩ ስለሚጋርደው ነው፤ ንፋሱ ግን እንደልቡ ይገባል። ርካሽ ነው፣ ለክፍት መኪናም ከማንኛውም ሽፋን ይበልጣል።

ጥላ ማቆም የማይችል ሰው ሸራ ያለብሳል። ውሃ የማያሳልፍ ላስቲክ ማልበስ ግን ከመሬት የሚነሳውን እርጥበት አፍኖ ማስቀረት ነው፤ ትንፋሽ የሚያሳልፍ ጨርቅ ያስፈልጋል። መኪናዋ አቧራማ ሳለች የለበሰችው ሸራ ደግሞ በንፋስ ሲርገበገብ ቀለሙን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈገፍገዋል። በየቀኑ ለምትነዳ መኪና፣ ጠዋትና ማታ እርጥብ ሸራ ማልበስና ማውለቅ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

ዛፍ ሥር ማቆም ለጥላው ያጓጓል፤ ቅጠሉ ግን መዘዝ አለው። ማዝዳ በ1989 ለዓለም ያሳያት ኤምኤክስ-5 ጥሩ ምሳሌ ናት። በሚያዝያ 2016 አንድ ሚሊዮንኛዋ የተሠራችው ይህች መኪና የመጀመሪያው ትውልዷ ዛሬ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ከቆዩ መኪኖችም ተራ ገብቷል። የጨርቅ ጣሪያዋን እየታከከ የሚወርደው ውሃ ከወንበሮቹ ጀርባ ባለ ቦይ ይሰበሰብና በግራና በቀኝ በተተከሉ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች አልፎ ከኋላ ጎማዎቹ ፊት ወደ መሬት ይፈስሳል። የበሰበሰ ቅጠልና አቧራ ቱቦውን ሲደፍነው ውሃው ሞልቶ ወደ ምንጣፉና ወደዚያው ከበር ሥር ወዳለው ሳጥን ይመለሳል። የብዙ ኤምኤክስ-5 ላሜራ ከኋላ ጎማው ፊት ለፊት የሚበሳው በዚህ ነው።

መፍትሔው ጉልበት አይጠይቅም። የመኪናዋ ባለቤት ጣሪያውን ግማሽ ድረስ አንስቶ፣ የወንበሩን ቀበቶ ከያዘው ምሰሶ አጠገብ ቀዳዳውን ይፈልግና ጫፉ የማይወጋ ተጣጣፊ የፕላስቲክ ገመድ ቀስ አድርጎ ያስገባል። ከዚያ አንድ ስኒ ውሃ አፍስሶ ጎንበስ ብሎ ያያል። ውሃው ወዲያው ከሥር ከፈሰሰ ቱቦው ንጹህ ነው፤ ከዘገየ ገመዱ እንደገና ይገባል። በጠንካራ ሽቦ መጎርጎር ግን ቱቦውን ከመገጣጠሚያው ያላቅቀዋል። የበሮቹ የታችኛው ጠርዝም ቀዳዳ አለው፤ በመስታወቱ በኩል የገባው ዝናብ የሚወጣው በእሱ ነውና መታየት አለበት።

የየትኛዋም ክፍት መኪና ጣሪያ ከዘመን ብዛት ትንሽ ማስገባቱ አይቀርም። በፊት መስታወቱ ጥግ የገባች ጠብታ ምንጣፍ ሥር ወዳለው ወፍራም ስፖንጅ መሰል ንጣፍ ትወርዳለች፤ ላዩ ደርቆ ሳለ ንጣፉ ለሳምንታት እንደረጠበ ይቆያል፣ ወለሉም ከላይ ወደ ታች ይበላል። ምንጣፉን ገልጦ በእጅ መዳሰስ ከዝናብ በኋላ ልማድ ሊሆን ይገባል።

ጣሪያው ራሱ ከሁለት ነገር በአንዱ ይሠራል። አንደኛው ቪኒል ነው፤ ፕላስቲኩን የሚያለሰልሰው ንጥረ ነገር በፀሐይና በጊዜ ብዛት እየወጣ ሲሄድ ይደርቃል፣ በብርድ ሲታጠፍም ይሰነጠቃል። ሁለተኛው ከላይ ሽምን ጨርቅ፣ መሀሉ ላስቲክ፣ ከሥር ደግሞ ጥጥ የሆነ ሦስት ንብብር ነው፤ ዋጋው ይወደዳል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። ሁለቱም እርጥብ ሳሉ ታጥፈው መክረም የለባቸውም፤ ሻጋታው በእጥፋቱ ይጀምራል። የኋላው መስኮት ፕላስቲክ ከሆነ፣ እንደ መጀመሪያዋ ኤምኤክስ-5 በዚፕ የሚከፈተው ጣሪያው ከመታጠፉ በፊት ይከፈታል። በቅዝቃዜ የታጠፈ ፕላስቲክ የሚያወጣው ነጭ ሰንበር አይጠፋም።

ፀሐይን በተመለከተ ከፍታ ብዙ ይለውጣል። የአልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ 10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ 2,300 ሜትር ላይ ያለችው አዲስ አበባ ከባሕር ጠረፍ ከተማ ከ20 በመቶ በላይ የበዛ ጨረር ታገኛለች። ቀለም፣ ጎሚኒና ጨርቅ እዚህ ቶሎ ያረጃሉ። መንገዷ ላይ ጨው አይበተንምና ላሜራው ግን ይታደላል፤ አሮጌ ቮልስዋገኖች በከተማዋ ጎዳና እስከዛሬ ሲመላለሱ የሚታዩበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

በየቀኑ መንዳትስ? አብዛኛውን ጊዜ ይጠቅማታል። ቤንዚን ታንከር ውስጥ ከርሞ አይበላሽም፣ ባትሪው አይሞትም፣ ሙቀቱ ጥግ ጥጉን ያደርቃል። አንድ ነገር ግን ልብ ሊባል ይገባል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውሃ በተን መልክ ይወጣል። ሞተሩ ሳይሞቅ ከቆመ ተኑ ቀዝቃዛው ማርሚታ ውስጥ ውሃ ሆኖ ይቀራል፣ ዘይቱ ውስጥም ይገባል። ዳቦ ቤት ደርሶ መመለስ ብቻ ሥራዋ የሆነ መኪና ማርሚታዋ ከውስጥ ይበሰብሳል። በሳምንት አንዴ እንኳ ሞተሩ በደንብ ግሎ ረዘም ያለ መንገድ መሄድ አለባት።

የፍሬን ዘይትም ከአየር ውሃ ይጠጣል። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ የሚፈላበት ዝቅተኛው ልክ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ 3.7 በመቶ ውሃ ሲኖረው ወደ 155 ይወርዳል። በየሁለት ዓመቱ መቀየሩ ለዚህ ነው። በብሪታንያ ከመስከረም 2021 ጀምሮ መደበኛው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኢታኖል ይዟል፤ ኢታኖሉ የድሮ የላስቲክ ቱቦዎችን ይበላል፣ ውሃም ይስባል፤ ስለዚህ ቱቦዎቹ በአዲስ ዓይነት ይተካሉ፣ ወይም ኢታኖሉ 5 በመቶ የሆነው ይቀዳል። ከ1974 በፊት የተሠሩ ኤምጂቢዎች ባለ 6 ቮልት ሁለት ባትሪ ከወንበር ጀርባ፣ ወለል ሥር ተቀብረው ይዘዋል። ከዓይን ስለራቁ ይረሳሉ፤ የሚያንጠባጥቡት አሲድም የተቀመጡበትን ላሜራ ይበላል።

ሕጉ በብሪታንያ ለአሮጌ መኪና ያደላል። 40 ዓመት የሞላት መኪና ከመንገድ ግብር ነጻ ናት፤ ከግንቦት 2018 ጀምሮ፣ መሠረታዊ ለውጥ ካልተደረገባት፣ ዓመታዊ ምርመራውም ቀርቶላታል። በጥንታዊነት የተመዘገበች የ1970 ኤምጂቢ ለንደንን ያለ ጭስ ክፍያ ስታቋርጥ፣ የ2010 ናፍጣ መኪና ግን ለጭሷ በቀን 12.50 ፓውንድ ልትከፍል ትችላለች። ይህ ሁሉ ለባለቤቱ መልካም ነው፤ የምርመራው መቅረት ግን በየቀኑ ለሚነዳ ሰው ውለታ አይደለም። መኪናዋን በዓመት አንዴ በክሪክ አንስቶ ሆዷን የሚያይላት ሌላ ዓይን ያስፈልጋታል፤ ግዴታው ቢቀርም በፈቃድ ማስመርመር ይቻላልና ሊደረግ ይገባል።

ክረምት ከመግባቱ በፊት ቀሪው ሥራ ባዶዎቹን ሳጥኖች በሰም መሙላት ነው። መኪናዋ ለቀናት በደረቅ አየር ላይ ትቆማለች፣ ምክንያቱም እርጥብ ብረት ላይ የተረጨ ሰም ውሃውን ከሥሩ ቆልፎ ያስቀራል። ሰሙ ሞቅ ብሎ ሲቀጥን በረጅም ቀጭን ቱቦ ከሳጥኑ አንድ ጫፍ እስከ ሌላው ይረጫል፤ በስንጥቆቹ ጠብ ጠብ ማለት ሲጀምር እንደተዳረሰ ይታወቃል። በማግስቱ፣ ሳይደርቅ በፊት፣ ከሳጥኑ ሥር ያሉት የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች አንድ በአንድ በቀጭን እንጨት ይከፈታሉ፤ ያለዚያ የሚደፍናቸው ሰሙ ራሱ ይሆናል።