ያለ ምርመራ የሚወርደው ቱርቦ

ባለ ቱርቦ መኪና ዘይት መብላትና ሰማያዊ ጭስ መልቀቅ ሲጀምር ሁለት ፍርዶች ፈጥነው ይሰማሉ፦ «ቱርቦው ሄዷል» ወይም «ሞተሩ ይውረድ»። ሁለቱም አንዳንድ ጊዜ ትክክል ናቸው፤ ሁለቱም ግን ኪስ ያራቁታሉ። እንደ መቐለ ባለ ከተማ ደግሞ የተሳሳተ ፍርድ ዋጋው ከፍ ይላል። ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ እስከ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ ስምምነት ድረስ በዘለቀው ጦርነት ነዳጅና መለዋወጫ ጠፍቶ ብዙ መኪና ቆሞ ከርሟል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከልክሏል። ስለዚህ በእጅ ያለውን አይሱዙም ሆነ ሃይሉክስ በአግባቡ መርምሮ ማቆየት የኑሮ ጉዳይ ሆኗል። ቱርቦ ዘይት ሲያፈስ ብዙ ጊዜ የሌላ ብልሽት ውጤት ነው፤ በመሆኑም መፈታት ያለበት ርካሾቹ ምርመራዎች ካለቁ በኋላ ነው።

ምክንያቱ ከራሱ ከቱርቦው አሠራር ይነሳል። ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኺ በ1905 (እ.ኤ.አ.) የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ሐሳብ፣ በከንቱ የሚወጣውን የጭስ ኃይል መልሶ ለሥራ ማዋል ነው። ጭሱ አንዱን ፋን ያሽከረክራል፤ በዚያው ዘንግ ሌላኛው ጫፍ ያለው ፋን ደግሞ አየር አምቆ ወደ ሞተሩ ይልካል። በትንንሽ ሞተሮች ላይ ይህ ዘንግ በደቂቃ ከ100,000 ጊዜ በላይ ይሽከረከራል፤ የሚሽከረከረውም በስስ የዘይት ንጣፍ ላይ ተንሳፎ ነው። ዘይቱ ወደ ፋኖቹ እንዳያልፍ የሚከለክሉት ቀለበቶች ጥርቅም አድርጎ እንደሚዘጋ ጎሚኒ አይደሉም። ሥራቸውን የሚሠሩት በፋኖቹ በኩል ያለው ግፊት በመካከል ካለው የበለጠ ሲሆንና ዘይቱም በመመለሻ ቱቦው በነፃነት ወደ ታች ሲወርድ ነው። የአየር ፊልትሮ በአቧራ ከተደፈነ ፋኑ ዘይት ይስባል፤ የመመለሻ ቱቦው ከጠበበ ወይም የሞተሩ መተንፈሻ ከተዘጋ ዘይቱ መውረጃ አጥቶ በቀለበቶቹ በኩል ይወጣል። በዚህ ሁኔታ አዲስ ቱርቦም ያጨሳል። ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነው የመቐለ ከፍታ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለል ሲነጻጸር በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚያንስ ቱርቦው ያንን ለማካካስ የበለጠ ይለፋል፤ የተደፈነ ፊልትሮ እዚህ የሚያስከትለው ጉዳትም በዚያው ልክ ይብሳል።

ምርመራው የሚጀምረው በልኬት ነው። ዘይቱን እስከ ምልክቱ ሞልቶ ኪሎ ሜትሩን መጻፍ፣ ከዚያም ሜዳ ቦታ ላይ ሞተሩ በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ሳለ ደግሞ መለካት ይገባል። አንዳንድ አምራቾች በ1,000 ኪሎ ሜትር እስከ 1 ሊትር የሚደርስ ፍጆታን በመመሪያቸው ይቀበላሉ፤ ስለዚህ «ይበላል» የሚለው ቃል ያለ ቁጥር ብዙ አይነግረንም። ቀጥሎ የጭሱ ቀለም ይታያል። ጥቁር ጭስ አየር ያጠረው ወይም ነዳጅ የበዛበት ሞተር ምልክት እንጂ የዘይት አይደለም፤ በኢንተርኩለር ቱቦ ላይ ያለ ቀዳዳም ያመጣዋል። ነጭ ጭስ በብርድ ጠዋት ያልተቃጠለ ናፍጣ ሊሆን ይችላል፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ከቀጠለና የራዲያተር ውኃ ከቀነሰ ግን የቴስታታ ጉዳይ ነው። ዘይት እየተቃጠለ መሆኑን የሚያሳየው ሰማያዊው ነው።

ከቀለሙ ይልቅ ብዙ የሚናገረው ግን ጭሱ የሚታይበት ሰዓት ነው። ሌሊቱን ያደረ ሞተር ሲነሳ ለአፍታ አጭሶ የሚተው ከሆነ ጥርጣሬው በቫልቭ ጎሚኒ ላይ ነው። በቤንዚን መኪና ረጅም ቁልቁለት በማርሽ ተይዞ ከተወረደ በኋላ ነዳጅ ሲሰጥ ቡፍ የሚል ጭስም ወደዚያው ይመራል። የአላጄን አቀበት ሲወጣ እንደሚሆነው፣ ጭነት በበዛ ቁጥር ሳያቋርጥ የሚያጨስ ከሆነ ፋሻ ይጠረጠራል። ይህንን ለማጣራት ሞተሩን በሚኒሞ አቁሞ የዘይት ክዳኑን መክፈት ነው፤ ጭስ በኃይል እየተመታ ከወጣ ግፊት በፒስተኖቹ አልፎ እየወረደ ነው። ኮምፕሬሽን መለካት ደግሞ ነገሩን ያረጋግጣል። ለረጅም ጊዜ ቆሞ የከረመ መኪና ፋሻው ተጣብቆበት ሊሆን ስለሚችል ይህ ምርመራ በመቐለ ሊታለፍ አይገባም።

መተንፈሻው፣ ፊልትሮውና የመመለሻ ቱቦው ከታዩ በኋላ ወደ ቱርቦው ይኬዳል። እዚህ ላይ «ቱቦው ውስጥ ዘይት አለ፤ ሌላ ምን ማስረጃ ያስፈልጋል?» የሚል ጥያቄ ይነሳል። በብዙ ሞተሮች መተንፈሻው እንፋሎቱን ከቱርቦው ፊት ስለሚያስገባ ስስ የዘይት ወዝ የጤና ነው፤ የሚያሳስበው የተጠራቀመ ዘይት ነው። ዘንጉን በጣት ሲነኩት ወደ ጎን በጥቂቱ መንቀሳቀሱም ስለሚንሳፈፍ ነው። ወደ ውጭና ወደ ውስጥ የሚላወስ ከሆነ፣ ወይም ፋኑ ግድግዳውን ከፋቀ ግን ቱርቦው በእርግጥ አልቋል።

«በዕለት ገቢ የሚኖር ሹፌር ይህን ሁሉ የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም» የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው። ይሁን እንጂ ከተጠቀሱት ምርመራዎች አብዛኞቹ በአንድ ጠዋት ያልቃሉ፤ ያለ ምክንያት የተቀየረ ቱርቦ ግን ዳግመኛ ያቆማል። «ዘይት እየጨመርኩ እነዳዋለሁ» የሚለው መልስ ደግሞ አደገኛ ነው። የናፍጣ ሞተር በቱርቦው በኩል በብዛት የሚገባውን ዘይት እንደ ነዳጅ አቃጥሎ ከቁጥጥር ውጭ ሊጮኽ ይችላል፤ ያን ጊዜ ቁልፍ ማጥፋት አያቆመውም።

ቱርቦን በብዛት የሚገድሉት የዘይት እጥረት፣ የዘይት ቆሻሻና በአየር መግቢያው የሚገባ ባዕድ ነገር ናቸው። ከአቀበት መጥቶ የጋለ ሞተርን ወዲያው ማጥፋትም ዘይቱን በዘንጉ ዙሪያ አክስሎ መንገዱን ይዘጋል፤ አንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ማቆየት ይህን ያስቀራል። እንግዲህ ባለ መኪናው ለቱርቦ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት መካኒኩን «ይህኛውን ምን ገደለው?» ብሎ ሊጠይቅ ይገባል። መልሱ ከታወቀ የዘይት ቱቦዎቹ ይጸዳሉ ወይም ይቀየራሉ፣ ዘይቱና ፊልትሮው ይታደሳሉ፣ ከዚያ አዲሱ ቱርቦ ይገጠማል። መልሱ ካልታወቀ ግን አሮጌውን የገደለው ነገር አዲሱንም እንደሚገድለው አውቆ ምርመራውን መቀጠል ነው።