«ልብ የዘራችን ነው»፦ እውነት ወይስ ተረት?

ከሚሴ ላይ ጎልማሳ ሰው በድንገት ሲያርፍ ለቅሶ ቤት የሚነሣው ወሬ ያው ነው። «አባቱም እንዲሁ ነበር የሄደው» ይላል አንዱ። «ልብ እኮ የዘራቸው ነው» ይላል ሌላው። ከዚያ ጭጭ ይባላል። የሟቹ ታናሽ ወንድም እዚያው ምንጣፍ ላይ ተቀምጦ ይሰማል። እኔን የሚያስጨንቀኝ እሱ ነው። ቀኑን ቆርጠው የነገሩት ይመስለዋል፤ «አንተስ ግፊትህን ተለክተሃል?» ያለው ሰው ግን የለም።

የልብ ሕመም በዘር ይመጣል? አዎ፣ እውነት ነው። ሐኪም ከፍ ያለ ትኩረት የሚሰጠው ግን ያለ ዕድሜው ለመጣ ሕመም ነው፦ አባት ወይም ወንድም 55 ዓመት ሳይሞላው፣ እናት ወይም እኅት 65 ሳይሞላት የልብ ደም ሥር መጥበብ ወይም መዘጋት ካገኛቸው። በ80 ዓመታቸው በልብ ያረፉ አያት እዚህ ውስጥ አይገቡም። ከልደት ጀምሮ ኮሌስትሮል በደም ውስጥ እንዲከማች የሚያደርግ፣ በቀጥታ የሚወረስ ችግርም አለ። ከ250 ሰዎች በአንዱ ገደማ ይገኛል፤ ከወላጆች አንዱ ካለበት እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ እኩል በእኩል ነው። ቀጭን ሆኖ ጨፋ ሜዳ ላይ ከብት ሲከተል የሚውል ሰውም ሊኖርበት ይችላል። በደም ምርመራ ይታወቃል፤ መድኃኒትም አለው።

«በዘር ከመጣማ ምን ይደረጋል?» የሚለው ግን ተረት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ፣ ከ55 ሺህ በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት በዘራቸው ከፍተኛ ተጋላጭነት ያለባቸውን ለይቶ ተመልክቷል። ከእነሱ መካከል የማያጨሱት፣ ሰውነታቸውን የሚያንቀሳቅሱት፣ ክብደታቸውንና ምግባቸውን የሚጠብቁት፣ እንዲህ ካልኖሩት ጋር ሲነጻጸሩ ለልብ ሕመም የመጋለጥ ዕድላቸው በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። ከራሳችን ሰዎችም ማስረጃ አለ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ጊዜ ወደ እስራኤል የተሻገሩት ቤተ እስራኤላውያን ሲደርሱ ለልብ ሕመም የሚያጋልጠው የስኳር በሽታ በመካከላቸው ብርቅ ነበር። ጥቂት ዓመታት እንደቆዩ፣ አኗኗራቸው ሲለወጥ፣ በሽታው ተበራከተ። ዘራቸው ያው ነበር።

«ወንድሙም እኅቱም ታመዋል፤ ስለዚህ የዘር ነው» የሚለውን በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል፤ በአገራችን ብዙ ልጅ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነውና። በኢትዮጵያ በልጆችና በወጣቶች ላይ በብዛት የሚታየው የልብ ሕመም መነሻው ጉሮሮ ነው። ልጁ በባክቴሪያ ምክንያት ቶንሲል ይታመማል፤ በወጉ ሳይታከም ይቀራል። ሳምንታት ቆይቶ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ቁርጥማት ይመጣል። ሰውነቱ ባክቴሪያውን ለመውጋት ያዘጋጀው መከላከያ ተመልሶ የልብ በሮችን ያጠቃል። ወንድማማቾቹ አንድ መደብ ላይ ተደራርበው ስለሚተኙ ባክቴሪያው ከአንዱ ወደ ሌላው ያልፋል፤ እኛ ግን ዘርን እንከሳለን። እንጥል ማስቆረጥ ለዚህ መፍትሔ አይሆንም፤ ልጁን ለደም መፍሰስና ለሌላ ቁስለት ይዳርገዋል። በጊዜው በሐኪም ትእዛዝ የተሰጠ ፔኒሲሊን ልብን ያተርፋል። ዶክተር በላይ አበጋዝ በ1981 ዓ.ም. ለልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ድርጅት መሥርተው፣ ጥረቱ በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል እስከ መክፈት ደርሷል። ወረፋ ከሚጠብቁት ልጆች ብዙዎቹ ጉሮሯቸው በታመመ ጊዜ ቢታከሙ ኖሮ እዚያ ባልደረሱ ነበር። ይህን ሳስብ ያንገበግበኛል።

ከደም ሌላ የምድጃ ውርስም አለ። ጨው በእጅ እየተዘገነ ከሚጨመርበት ድስት ያደገ ልጅ የእናቱን እጅ ይዞ ያድጋል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ ሰው በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ እንዳይበልጥ ይመክራል። በ2007 ዓ.ም. በአገር ደረጃ የተደረገ ጥናት አማካዩ ከ8 ግራም በላይ መሆኑን አሳይቷል። በወሎ ቡናውንም በጨው የሚጠጣ ቤት አለ፤ ስሌቱ ውስጥ ይግባ። «ጫት ልብን ያበረታል» የሚሉም አሉ። ተረት ነው፤ ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የልብን ደም ሥር ያጠባል። አባቱን በልብ ያጣ ሰው ጫት ላይ ሲጋራ ሲጨምር ሳይ ዝም ማለት አልችልም።

«አጀል፣ የተቆረጠው የሞት ቀን፣ ከደረሰ ምን ይከለክለዋል?» ለሚሉኝ ታላላቆቼ በአክብሮት የምመልሰው አለኝ። ሰኞ ባቲ ገበያ የሚወርድ ነጋዴ ሁሉ በአጀል ያምናል፤ ግመሉን ሳያስር የሚተው ግን አላየሁም።

ያ ታናሽ ወንድም ለቅሶው ከተነሣ በኋላ እናቱ ዘንድ ቁጭ ብሎ ይጠይቅ። አባቴ ሲሄድ ስንት ዓመቱ ነበር? ደረቱን ያመው ነበር? ሲራመድ ይደክመው ነበር? ግፊት አለብህ ተብሎ ያውቃል? የተጻፈ ቀን በሌለበት ቤት ዕድሜ በድርቅ ይቆጠራል፦ በ66ቱ ልጅ ነበር ወይስ ሚስት አግብቷል? በ77ቱስ ስንት ልጆች ነበሩት? እናት ይህን አትረሳም። ከአፏ የወጣውን ጽፎ፣ ሳያመው፣ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ግፊት ሳይጮኽ ለዓመታት ይቆያልና ክንዱን ለመለኪያው ሲሰጥ ወረቀቱንም ለሐኪሙ ይስጥ።