ዕዳ ከብዶ ጠበቃ ዘንድ ሲኬድ

ከሮቤ ተነስቶ በጎሮ በኩል ወደ ሶፍ ዑመር ዋሻ በሚወስደው መንገድ የተጓዘ ሰው፣ አዝመራው ሲደርስ ግራና ቀኙ ስንዴ፣ ከስንዴው መሃል ደግሞ ኮምባይነር መሆኑን አይቷል። ማሽኑ ብዙ ጊዜ በብድር የመጣ ነው። ባለቤቱ በኩንታል እያስከፈለ ያጭዳል፤ ለኦፕሬተሩ፣ ለደላላውና ለናፍጣው ከፍሎ የተረፈውን ባንክ ያስገባል። ዝናቡ በአጨዳ ሰዓት ከመጣ ወይም ማሽኑ ወቅቱ አጋማሽ ላይ ከቆመ ግን የዓመቱ ገቢ አብሮ ይቆማል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ መለዋወጫ መግዛት የቀድሞው ሂሳብ አይደለም። ዋሻውንና የባሌን ተራሮች ሊያይ የሚመጣውን እንግዳ ተማምኖ ጎባ ላይ ፔንሲዮን የሠራም አለ። በ2012 ኮሮና ሲገባ እንግዳው ቀረ፤ ወለዱ ግን አልቀረም።

እንዲህ የገጠመው ሰው መጀመሪያ ዘመድ ዘንድ ይሄዳል፤ ቀጥሎ ሽማግሌ ይልካል። ጠበቃ ዘንድ የሚደርሰው የሐራጅ ማስታወቂያው ከተለጠፈ በኋላ ነው። ሽማግሌ መላኩ ክፉ አይደለም፤ ባሌ ውስጥ በሽምግልና ያለቀ ዕዳ ብዙ ነው። ባንክ ግን ሽማግሌ ተቀብሎ ወለድ አይምርም፤ ሕጉም የተሻሉ በሮቹን የሚከፍተው ቀድሞ ለመጣ ሰው ነው።

«የኪሳራ ጠበቃ» የሚል ታፔላ ፍለጋ ሮቤን ቢዞሩ መልፋት ብቻ ነው። አዲስ አበባም ቢሆን በዚህ ብቻ የሚተዳደር ጠበቃ ማግኘት ቀላል አይደለም። ኪሳራ በሕጋችን ውስጥ ከገባ ቆይቷል፤ ፈረንሳዮቹ ዣን ኤስካራና አልፍሬድ ዦፍሬ ያረቀቁት የ1952ቱ የንግድ ሕግ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ሰጥቶታል። ፍርድ ቤት የሚደርሰው ጉዳይ ግን ጥቂት ነው። ሰው ከሚያስታውሳቸው አንዱ መኪኖቹን በአገራችን ወንዞች ስም ይጠራ የነበረው የሆላንድ ካር ነገር ነው፤ በ2005 ዓ.ም. ገደማ ኪሳራ ውስጥ መግባቱ ብዙ አነጋግሯል። ስለዚህ የሚፈልጉት የንግድና የባንክ ክርክር የለመደ ጠበቃ ነው። ፈቃዱን ለመጠየቅ አይፈሩ። የኦሮሚያ ፍርድ ቤቶች የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነውና በዚያ ቋንቋ አቤቱታ የሚያዘጋጅ፣ በክልሉ ፍርድ ቤቶች የሚያስቆም ፈቃድም ያለው መሆን አለበት። ፍርድ ቤት ደጃፍ የሚቀመጠው ራፖር ጸሐፊ ለቀላል ማመልከቻ ያገለግላል፤ ለዚህ ጉዳይ ግን አይሆንም።

ጠበቃው ወረቀት ሳይነካ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ፦ ነጋዴ ነዎት? ኪሳራ በእኛ ሕግ የነጋዴና የንግድ ማኅበር ጉዳይ ነው። ከደመወዙ በላይ የተበደረ መምህር «ከሰርኩ» ቢል ፍርድ ቤቱ ኪሳራ አያውጅለትም። እሱን የሚጠብቀው ሌላ ነው፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 404 ባለ ዕዳ ላይ የማይነካውን ይዘረዝራል። አልባሳት፣ መኝታና የማብሰያ ዕቃ፣ የሙያ መሣሪያ፣ የሦስት ወር ቀለብ፣ ከደመወዝ ሁለት ሦስተኛው አይያዝም። ለገበሬ ደግሞ ለኑሮው የሚያስፈልጉት ከብቶችና የዘር እህል አሉ። ሲናናም ሆነ አጋርፋ ያለ አራሽ «የዘር ስንዴዬን ሊወስዱብኝ ነው» ብሎ ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኛ ከማደሩ በፊት ይህን ማወቁ ዕረፍት ይሰጠዋል።

ቀጥሎ ወረቀቱ የመጣበት ፌስታል ይፈታል። የብድር ውል፣ የመያዣ ውል፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የንግድ ፈቃድ፣ የግብር ደረሰኝ፣ የቤት ካርታ፣ ሊብሬ፣ ከባንኩ የመጡ ደብዳቤዎች በሙሉ። ጠበቃው ቁጭ ብሎ በቀን ይደረድራቸዋል። በጠረጴዛው አንድ ወገን ባንኩ፣ በሌላው የናፍጣ አቅራቢውና የመለዋወጫ ነጋዴው፣ በሦስተኛው ግብሩ። ቅደም ተከተሉ ለክፍያም ስለሚሠራ ነው፤ በመያዣ የያዘ ካልያዘው ይቀድማል። ኮምባይነሩ በካፒታል ዕቃ ኪራይ የመጣ ከሆነ ደግሞ ክፍያው እስኪያልቅ የአከራዩ ንብረት ነው፤ ባለቤቱ «የኔ» እያለ ሲጠራው የኖረው ማሽን ከንብረት ዝርዝሩ ሲሰረዝ ፊቱ ይለወጣል።

ከዚያ ሰው የሚያፍርባቸው ጥያቄዎች ይመጣሉ።

«ጋሼ፣ ቼክ ቆርጠው የሰጡት ሰው አለ?»

«ለመተማመኛ ብቻ ነው የሰጠሁት። ቀኑን አልጻፍኩበትም።»

«ቀኑን እሱ ይጽፈዋል።»

እዚህ ላይ ነገሩ ከገንዘብ አልፎ ወደ ወንጀል ይሻገራል። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 መሠረት ስንቅ የሌለው ቼክ መስጠት እንደ ሁኔታው እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። ሰዉ «ደረቅ ቼክ» እያለ በቀልድ የሚያነሳው ነገር ነው። ለዚህ ነው ጠበቃው ስለ ባንኩ ዕዳ ከመጨነቁ በፊት ቼኩ በማን እጅ እንዳለ የሚያጣራው።

ሁለተኛው ጥያቄ ዋስ የሆነልዎት ሰው ስለመኖሩ ነው። በአንድነትና በነጠላ ዋስ የሆነ ሰው ላይ ባንኩ እርስዎን ሳይጠብቅ መሄድ ይችላል፤ የአጎት ልጅ ቤት በሌላ ሰው ኮምባይነር ምክንያት ሐራጅ ሲወጣ ቤተሰቡ ሠርግና ለቅሶ አብሮ መዋሉን ያቆማል። ሦስተኛው ደግሞ ሰሞኑን ወደ ሌላ ሰው ስም የዞረ ንብረት መኖሩ ነው። ፒካፑን ለአማች በሽያጭ ስም ማዞር ብዙ ሰው የሚያስበው መላ ነው። ኪሳራ ሲታወጅ ፍርድ ቤቱ ክፍያ ከቆመበት ቀን አንስቶ የተደረጉትን ዝውውሮች መልሶ ማየትና መሻር ይችላል፤ ንብረት መደበቁ ከተረጋገጠም የማጭበርበር ኪሳራ ወንጀል ይሆናል። ለጠበቃ የተነገረ ምስጢር የሙያ ምስጢር ነውና እዚህ ቢሮ መዋሸት ትርፍ የለውም። እኔ የሚገርመኝ ሰው ለሐኪም ልብሱን አውልቆ ለጠበቃው ግን ፒካፑን መደበቁ ነው።

ከእነዚህ ጥያቄዎች በኋላ ነው ስለ መንገዶቹ የሚወራው። አዋጅ ቁጥር 1243/2013 የቆየውን የኪሳራ ሕግ ሲተካ ትልቁን ለውጥ ያመጣው እዚህ ላይ ነው። ክፍያ ገና ያላቆመ፣ ግን ችግሩ ከሩቅ የታየው ነጋዴ፣ ሥራውን እየሠራ ከገንዘብ ጠያቂዎቹ ጋር አከፋፈሉን እንደገና የሚያዋቅርበት መንገድ ተከፍቷል። መክፈል አቅቶት ንግዱ ግን ሊተርፍ የሚችል ከሆነ መልሶ ማደራጀት አለ። ኪሳራ የሚቀረው የመጨረሻው ነው፤ በሱ ንብረት ጠባቂ ይሾማል፣ ባለ ዕዳው በንብረቱ ላይ የማዘዝ ሥልጣኑን ያጣል፣ ተራ ገንዘብ ጠያቂዎችም በየፊናቸው መጎተቱን ትተው በአንድ መዝገብ ይሰለፋሉ።

ባንኩን በሚመለከት ጊዜው አጭር ነው። አዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ በመያዣ የያዘውን ንብረት ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅዳል። ለባለ ዕዳው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ መስጠት ግን አለበት። ጠበቃው ከባንኩ ደብዳቤዎች ሁሉ ይህንን ቀድሞ የሚፈልገው ለዚህ ነው። ከ30ው ቀን 4 ቀን ሲቀረው የመጣ ሰው መንገዶቹ ቢነገሩትም የሚሄድባቸው ጊዜ የለውም፤ ገና እየከፈለ የመጣው ግን ጠበቃው ለባንኩ የብድር ማራዘሚያ ሐሳብ ጽፎ ሲደራደርለት ንብረቱን ሊያተርፍ ይችላል።

ሜሪላንድ ታክሲ የሚነዳ ዘመድ «እኔ ባንክራፕሲ ገብቼ ሁሉም ተሰረዘልኝ» ቢል እውነቱን ሊሆን ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ነጋዴ ያልሆነም ግለሰብ በኪሳራ ሕጉ ቻፕተር 7 የክሬዲት ካርድና መሰል ዕዳዎቹን ማሰረዝ ይችላል፤ ከማመልከቻው በፊት ባሉት 180 ቀናት ውስጥ የብድር ምክር መውሰድም ግዴታ ነው። የልጅ ቀለብ ግን እዚያም አይሰረዝም። ምክሩን ሰምቶ ሮቤ ላይ ለመሥራት መሞከር ግን አያዋጣም።

ስለ ክፍያ መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ገንዘብ ያጠረው ሰው ገንዘብ ስለሚጠየቅበት ነገር ማወቅ አለበት። የጥብቅና ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ የጠበቃው አበልና የዳኝነት ክፍያው ተለይተው ይቀመጡ። «ዳኛውን አውቀዋለሁ» የሚል ጠበቃ ካጋጠመዎት ፌስታልዎን ይዘው ይውጡ። ውክልናውንም ፈርመው ከመስጠትዎ በፊት ጠበቃው በስምዎ መታረቅና ገንዘብ መቀበል ይችል እንደሆነ ያንብቡት። መክፈል ለማይችል ብዙ የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ።

ሁለተኛው ቀጠሮ እስኪደርስ የሚሰጥዎት ሥራ ቀላል ነው። የተበተነውን ቼክ ቁጥሩን ከቼክ ደብተሩ ጉርድ ላይ ይልቀሙ፤ አዲስ አይቁረጡ። ከአንዱ ተበድረው ለሌላው አይክፈሉ፤ ለዘመድም አይፈርሙ። ባንኩ ሲደውል ስልኩን ያንሱና ጠበቃ መያዝዎን ይንገሩ።