ሞገድ የሚሠራው የአሸዋ ሸንተረር

ከተማችን ቱም ሐይቅ የላትም። ከማጂ ተራሮች እየተንደረደሩ የሚወርዱ ጅረቶች ግን አሏት፤ ክረምቱ ሲያልፍም በየዳራቸው ደለል ይቀራል። ደለሉን ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው ትንንሽ የአሸዋ ሸንተረሮች በተርታ ተሰልፈው ያገኛል። ልብስ አጣቢውም ከብት ጠባቂውም ረግጧቸው ያልፋል። ከማውቃቸው የተፈጥሮ ሥራዎች ሁሉ እንደ እነዚህ ሸንተረሮች የተናቀ የለም።

ዓይነታቸው ሁለት ነው። ወደ አንድ አቅጣጫ የሚፈስ ውሃ የሚሠራው ሸንተረር አንዱ ጎኑ ረዥምና ለስላሳ ዳገት፣ ሌላው አጭርና ቁልቁል ነው፤ ቁልቁለቱ ውሃው ወደሚሄድበት ይዞራል። ሞገድ የሚሠራው ግን ሁለቱም ጎኑ እኩል፣ ጫፉ ሹል ነው። የቱም ጅረቶች የመጀመሪያውን ይሠራሉ። ሁለተኛውን የፈለገ ሐይቅ ዳር መውረድ አለበት፤ ለእኛ የሚቀርበን የኦሞ ወንዝ ቱርካና ሐይቅ የሚገባበት ዳርቻ ነው። አዲስ አበባ ያለ አንባቢ ላንጋኖ ወይም ሐዋሳ ዳር ይሞክር።

ሞገድ ሲጓዝ እናያለን እንጂ ውሃው አብሮት አይጓዝም፤ ባለበት ክብ እየሠራ ይዞራል። ወደ ታች በተወረደ ቁጥር ክቡ እየጠበበና እየተጨፈለቀ ሄዶ ወለሉ ጋ ሲደርስ ወዲያ ወዲህ ማለት ብቻ ይቀረዋል። በየሦስት ሰከንዱ የሚመታ ሞገድ ይህን ንቅናቄ እስከ 7 ሜትር ገደማ ጥልቀት ያወርደዋል። ወለሉ ላይ ያለው ውሃ በአንድ ምልልስ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ከሄደ፣ ሸንተረሮቹ በ10 ሳንቲ ሜትር ገደማ ተራርቀው፣ አንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብለው ይቆማሉ።

አሁን ሰው ሁሉ ወደሚሳሳትበት ልምጣ። ሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የእህቴ ልጅ ሞገድ አሸዋን ወዴት እንደሚወስድ ስናወራ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ምን ያከራክራል? ማዕበሉ ወደ ዳር ከመታ አሸዋውም ወደ ዳር ነው የሚሄደው» አለኝ። የኦሞ አፍ ውሃ በደለል የደፈረሰ ስለሆነ እዚያ ወስጄ ላሳየው አልችልም። የመስታወት ሣጥን አመጣን፤ ታጥቦ የጠራ ደቃቅ አሸዋ አነጠፍንበት፣ ውሃ ሞላንበት፣ ቀስ እያልን ወዲያ ወዲህ አወዛወዝነው። ሸንተረሮቹ ከበቀሉ በኋላ አንዷን ብቻ እንዲመለከት ነገርኩት።

ውሃው ወደ ቀኝ ሲሄድ የሸንተረሯን ጫፍ ያልፍና ከጀርባዋ፣ በቀኝ ጎኗ፣ አዙሪት ይፈጥራል። አዙሪቱ ከሥሩ ያለውን አሸዋ እየጠረገ ሆዱ ውስጥ ይሰበስባል። ውሃው ወደ ቀኝ እስከሄደ ድረስ አሸዋው እዚያው ታስሮ ይዞራል፤ ከሸንተረሯ ጥላ አይወጣም። ከዚያ ውሃው ይቆምና ይመለሳል። የሚያስገርመው በዚህች ቅጽበት የሚሆነው ነው፤ አዙሪቱ ከነአሸዋው ከጥላው ተነቅሎ ከጫፉ በላይ ይወረወራል፣ የሚቀበለውም ወደ ግራ የሚመለሰው ውሃ ነው። ስለዚህ ወደ ቀኝ የሄደው ውሃ የቆፈረው አሸዋ ወደ ግራ ይጓዛል፤ ወደ ግራ የሄደው የቆፈረው ደግሞ ወደ ቀኝ። ቆፋሪውና ተሸካሚው ተቃራኒ ናቸው።

ሁለቱ ምልልሶች እኩል ሲሆኑ አሸዋው ተመላልሶ እዚያው ነው። ሐይቅ ዳር፣ ውሃው ሲሳሳ ግን እኩል አይሆኑም። የሞገዱ አናት ሲያልፍ ወደ ዳር የሚደረገው ግፊት አጭርና ብርቱ ነው፤ መመለሻው ረዥምና ደካማ። ብርቱው ብዙ አሸዋ በአዙሪቱ ይሰበስብና ለመመለሻው ያስረክበዋል። ወለሉን እየተንከባለለ ወደ ዳር የሚሄድ አሸዋ መኖሩ እውነት ነው፤ ውሃ ውስጥ የተንሳፈፈው ደቃቁ ግን ከሞገዱ በተቃራኒ ወደ ጥልቁ ያዘግማል። ማዕበሉ እጅግ ሲበረታ ሸንተረሮቹ ራሳቸው ተጠርገው ወለሉ ይለሰልሳል፤ ያን ጊዜ ይህ ሕግ አይሠራም።

የእህቴ ልጅ ሣጥኑን ለብቻው ደጋግሞ ሲያወዛውዝ አመሸ።

አዙሪቱን ቀድመው ያዩ ሰዎች መመስገን አለባቸው። የቻርልስ ዳርዊን ልጅ ጆርጅ በ1883 እ.ኤ.አ. የቀለም ጠብታ ወለሉ ላይ አኑሮ ተከታተለው። ኸርታ አይርተን በ1904 ግኝቷን ለእንግሊዝ የሳይንስ ማኅበር ለሮያል ሶሳይቲ ራሷ አነበበች፤ በዚያ መድረክ የራሷን ጥናት ያነበበች የመጀመሪያዋ ሴት ናት፤ ከሁለት ዓመት በፊት ግን ባለትዳር ሴት ናት ተብላ አባልነት ተከልክላ ነበር። አንዲት ጉብታ ከወዲያና ከወዲህ ጎረቤት እንደምትወልድ፣ ወለሉም በዚህ መንገድ ሸንተረር በሸንተረር እንደሚሆን ያሳየችው እሷ ናት። የሊቢያን በረሃ በመኪና ያሰሰው ራልፍ ባግኖልድ ደግሞ በ1946 ነገሩን ገልብጦ ሠራው፤ ውሃውን አስቁሞ ወለሉን አወዛወዘ።

ጉዳዩ የመስታወት ሣጥን ጨዋታ አይደለም። በቱርካና ላይ ከደቡብ ምሥራቅ ብርቱ ነፋስ ይነፍሳል፤ ሞገዱ የኦሞን ዴልታ ይመታዋል። ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ውሃ የያዘው የኦሞ ግድብ ጊቤ 3 ከላይ የሚመጣውን ደለል ስለሚያስቀር፣ ታች ያለውን አሸዋ ሞገዱ ወዴት እንደሚያደርሰው ማወቅ ዛሬ ይበልጥ ያስፈልጋል። የትኛውም ሐይቅ ዳር የፓምፕ መሳቢያ ወይም የጀልባ ማቆሚያ የሚተክሉ ሰዎች ላዩን ብቻ አይተው «ማዕበሉ ወደዚህ ነው» ብለው ሲወስኑ አዝናለሁ። ወለሉን ይዩት።

ሸንተረሩ ድንጋይ ሆኖም ይናገራል። በትግራይ ከ400 ሚሊዮን ዓመት በላይ ዕድሜ ባለው የእንጢጮ አሸዋ ድንጋይ ውስጥ ሞገድ የሠራቸው ሸንተረሮች አሉ። በ2022 እ.ኤ.አ. ኪዩሪዮሲቲ የተባለችው ተሽከርካሪ ማርስ ላይ እንዲህ ያለ ድንጋይ አገኘች፤ በዚያ ነፋስ የሚያናውጠው ጥልቀት የሌለው ሐይቅ እንደነበረ የታወቀው በዚሁ ነው።

በእኛም በኩል፣ ከማጂ ቁልቁል በኪቢሽና በኦሞ መካከል ባለው ቆላ፣ ከ10,000 ዓመት በፊት ገደማ ቱርካና ከዛሬው በብዙ አሥር ሜትሮች ከፍ ብሎ ይተኛ ነበር፤ ትርፉም ወደ ናይል ይፈስ ነበር። እዚያ ለሚወርዱ ተማሪዎች አንድ አደራ አለኝ። ሸንተረር ያለበትን ድንጋይ ወይም የጠጠረ ደለል ሳትለኩ አታንሱ። መጀመሪያ የላዩን ፊትና ሰሜኑን በእርሳስ ምልክት አድርጉበት፤ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን ርቀት፣ ቁመቱን፣ የሁለቱንም ጎኖች ቁልቁለት መዝግቡ። ጎኖቹ እኩል ከሆኑ ርቀቱን ለ0.65 አካፍሉ፤ የዚያን ዘመን ውሃ ወለሉ ላይ ምን ያህል ይመላለስ እንደነበር በግምት ታገኛላችሁ። ምልክት ሳይደረግበት ቦርሳ ውስጥ የገባ ድንጋይ ግን ሞገዱ ከየት ይመታ እንደነበር አይናገርም።