ለኮባ የሚስማማውን ቦታ ስለ መምረጥ

በአዲስ አበባ ደቡባዊ ክፍል፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የሀና ማርያም አካባቢ ከጥቂት ዐሥርት ዓመታት በፊት የእርሻ መሬት ይበዛበት ነበር። ዛሬ ቤቶች ተጠጋግተው ስለ ተሠሩበት ጓሮው ጠብቧል። ለበዓል የሚጋገረው ድፎ ዳቦ ግን አሁንም የኮባ ቅጠል ይፈልጋል። ለንግሥ በዓል ብዙ ዳቦ የሚጋገርበት አጥቢያ በቅጥር ግቢው ጥቂት ኮባ ቢኖረው ቅጠል ከገበያ ከመግዛት ይድናል፤ ግቢውም ልምላሜ ያገኛል።

ይሁን እንጂ ተደጋግሞ የሚታይ አንድ ስሕተት አለ። ችግኙ ከምእመን በስእለት ወይም በመታሰቢያነት ይመጣል፤ ኮሚቴውም «ለጊዜው እዚህ ይሁን» ብሎ ባዶ ባገኘው ጥግ ይተክለዋል። ከሁለትና ከሦስት ዓመት በኋላ ተክሉ መተላለፊያ ይዘጋል፤ ወይም ውኃ በሚተኛበት ቦታ በመተከሉ ይበሰብሳል። በዚያን ጊዜ ችግኙን ለሰጡት እናት «ስእለትዎን ቆረጥነው» ብሎ መንገር ለካህኑም ለኮሚቴውም ከባድ ነው። ስለዚህ የቦታው ምርጫ ችግኙን ከመቀበል ይቅደም እንላለን።

ኮባ፣ ማለትም እንሰት፣ ዛፍ ይምሰል እንጂ ዛፍ አይደለም። ግንድ የሚመስለው አካሉ ተደራርበው ከቆሙ የቅጠል እግሮች የተሠራ ነው። ቅጠሉ እስከ 5 ሜትር ሊረዝምና እስከ 1 ሜትር ሊሰፋ ይችላል። ሥሩ እንደ ዋርካ ሥር የቤት መሠረት አይሰነጥቅም፤ የሚያስቸግረው ከላይ የሚይዘው ስፋት ነው። በመሆኑም ከአንድ ኮባ ዙሪያ በየአቅጣጫው 3 ሜትር ያህል ክፍት ቦታ እንዲተው እንመክራለን።

ቦታ ሲመረጥ አራት ነገሮች ይታዩ።

አንደኛው ውኃ ነው። ኮባ እርጥበት ይወዳል፤ ነገር ግን ውኃ የሚተኛበትን መሬት አይችልም። ግማሽ ሜትር የሚጠልቅ ጉድጓድ ቆፍሮ ማታ ውኃ መሙላትና ጠዋት ማየት በቂ ፈተና ነው። ውኃው ሳይሰርግ ካደረ፣ በተለይም አፈሩ ጥቁር ዋልካ ከሆነ፣ ሌላ ቦታ ይፈለግ ወይም አፈሩ ከፍ ተደርጎ ይደልደል።

ሁለተኛው ነፋስና ውርጭ ነው። ነፋስ ሰፊውን ቅጠል ይተለትለዋል፤ የተተለተለ ቅጠል ደግሞ ዳቦ አይጠቀልልም። ስለዚህ የግንብ አጥር ወይም የቤት ግድግዳ ከነፋስ የሚጋርደው፣ ፀሐይም የማይከለክለው ቦታ ይሻላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቶች ቀዝቃዛ አየር በረባዳ ቦታ ስለሚከማች፣ ከረባዳው ይልቅ ጥቂት ከፍ ያለው ይመረጥ።

ሦስተኛው ቅርበት ነው። እንሰት በሚበቅልባቸው የደቡብ አካባቢዎች፣ ለምሳሌ በጉራጌና በሲዳማ፣ ገበሬዎች ከቤታቸው አጠገብ የሚተክሉት ፍግና የጓዳ ጥራጊ በቀላሉ እንዲያገኝ ነው። በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ ለዚህ የሚስማማው የማእድ ቤቱ አካባቢ ነው። የአትክልት ልጣጩ በዚያው ይበሰብስለታል፤ ቅጠሉም ለጋጋሪዎች ቅርብ ይሆናል። የሳሙና እጣቢ ግን አይፈሰስበት።

አራተኛው ሥርዓቱ ነው። ታቦተ ሕጉ ወጥቶ ሦስት ጊዜ ዑደት የሚያደርግበት መንገድ፣ ዐውደ ምሕረቱና የመቃብሩ ስፍራ ነፃ ይሁኑ። በታሰበው ቦታ ላይ ካስማ ተክሎ፣ በ3 ሜትር ገመድ ዙሪያውን በኖራ ማስመር ጥሩ ዘዴ ነው። በበዓሉ ዕለት ካህናቱ ከነጃንጥላቸው፣ ሕዝቡም ተከትሎ ምልክቱን ሳይረግጡ ካለፉ ቦታው አያውክም ማለት ነው።

ሁለት ነገሮች ደግሞ ከተከላ በኋላ አይዘንጉ። የእንሰት አጠውልግ በሽታ በተበከለ ቢላዋ ስለሚተላለፍ፣ ችግኙ ከጤናማ ማሳ ይምጣ፤ ቢላዋውም ከአንዱ ተክል ወደ ሌላው ሲሻገር በእሳት ይለብለብ። ሲቆረጥም ከውጭ በኩል ያሉት ያረጁ ቅጠሎች ይወሰዱ እንጂ ተክሉ አይራቆት። በተጨማሪም ኮባ ዓመታት ኖሮ አንድ ጊዜ ካበበ በኋላ ይሞታል፤ ስለዚህ ተተኪው ችግኝ አስቀድሞ ይዘጋጅ።

ለመትከል የምንመክረው የክረምቱ ዝናብ ሲጀምር ነው። ከዚያ በፊት ግን የታሰበው ቦታ በሐምሌ ጎርፍም፣ በታኅሣሥ ብርድም፣ በንግሥ ቀን ሕዝብም ይታይ። አንድ ዓመት መታገሥ የብዙ ዓመት ድካም ያድናል። በመጨረሻም የተመረጠው ቦታና የሰጪው ስም በሰበካ ጉባኤው ቃለ ጉባኤ ይመዝገብ። ኮሚቴ ይለወጣል፤ ኮባው ግን ሊቆይ ይችላል። ቀጣዩ ኮሚቴ ግንባታ ሲያስብ፣ በዚያ ቦታ ያለው የማን ስእለት እንደ ሆነ ከመዝገቡ ሊያውቅ ይገባዋል።