መሪ ሲያዞሩ የሚሰማው ሲጥጥታ ምን እየነገረዎት ነው?

ልጆቹን ትምህርት ቤት አድርሰው ሊመለሱ መሪውን ጥግ ድረስ ሲጠመዝዙ ከፊት በኩል «ሲጥጥ» የሚል ድምፅ ይሰማሉ። ቀጥ ብለው ሲነዱ ይጠፋል። ሬዲዮውን ከፍ አድርጎ መርሳት ቀላል ነው። ይሁን እንጂ ድምፁ አንዳንዴ በቀላሉ የሚቀየር ቺንጊያ፣ አንዳንዴ ደግሞ ጎማውን ከመኪናው ጋር የሚያያይዘው መገጣጠሚያ ማለቁን የሚናገር ነው። ልዩነቱን ለመገመት መካኒክ መሆን አይጠበቅብዎትም፤ ድምፁ መቼ እንደሚመጣ ማስተዋል ብዙ ይረዳል።

በመጀመሪያ ወለሉን ይመልከቱ

በሕንፃ ሥር ባለ መኪና ማቆሚያ፣ በተለሰነ ወይም ቀለም በተቀባ ወለል ላይ ብቻ የሚጮኽ ከሆነ አይጨነቁ። ጎማው በለስላሳው ወለል ላይ ሲፋተግ የሚያሰማው ድምፅ ነው። አስፋልት ላይም ከተከተለዎት ግን ወደሚቀጥለው ይለፉ።

ቆመው ይሞክሩ

መኪናውን ሜዳ ቦታ አቁመው የእጅ ፍሬን ይያዙ። ሞተሩ እየሠራ መሪውን ቀስ ብለው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያዙሩ። ቀጥሎ ሞተሩን አጥፍተው፣ መሪው እንዳይቆለፍ ቁልፉን ከፍተው በመተው ይድገሙት። መሪው ስለሚከብድ ትንሽ ማዞር ይበቃል። አንድ የቤተሰብ አባል ከጎማው ፈንጠር ብሎ ያዳምጥ።

ድምፁ ሞተር ሲሠራ ብቻ ከመጣ ጥርጣሬው በመሪው አጋዥ ላይ ነው። ስል ጩኸት የላላ ወይም የተሰነጣጠቀ ቺንጊያን፣ የማቃሰት ዓይነት ድምፅ ደግሞ የመሪ ዘይት መጉደልን ወይም የፓምፑን መድከም ያመለክታል። ዘይቱ ከጎደለ መሙላት ብቻ አይበቃም፤ የሚያንጠባጥበው ከየት እንደሆነ ይታይ። ቺንጊያው ላይ ሳሙና ወይም ዘይት መቀባት ድምፁን ለጊዜው ቢያፍን እንጂ ችግሩን አይፈታም። መሪውን ጥግ ድረስ ጠምዝዘው ከ5 ሰከንድ በላይ አይቆዩ፤ ፓምፑን ያስጨንቀዋል።

ሞተር ጠፍቶም ከተሰማ የደረቀ ወይም ያለቀ መገጣጠሚያ አለ ማለት ነው፦ ቦል ጆይንት፣ ቴስቲና፣ የላስቲክ ቡሽ ወይም የአሞርዛተሩ የላይኛው መቀመጫ። ድምፁ ከፔዳሎቹ አካባቢ ከሆነ ደግሞ የመሪው ዘንግ የሚያልፍበት ላስቲክ ደርቆ ሊሆን ይችላል።

እየነዱ ያዳምጡ

ጥምዝ ላይ ነዳጅ ሲሰጡ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ከሆነ ጎማውን የሚያሽከረክረው ዘንግ መገጣጠሚያ ላይ ያለው ላስቲክ ተቀዶ ግሪሱ ፈስሶ ሊሆን ይችላል። ፍጥነት ሲጨምር የሚያድግ ጉርምርምታ የኩሽኔታ ምልክት ነው። ወደ ቀኝ ሲታጠፉ ክብደቱ ወደ ግራ ስለሚያርፍ፣ ያኔ ድምፁ ከጨመረ አብዛኛውን ጊዜ የተጎዳው የግራው ነው። ፍሬን ሲይዙ የሚለወጥ ፉጨት ከሆነ የፍሬን ሸራው ይታይ።

የኤሌክትሪክ መኪና ላላችሁ

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና የያዙ ቤተሰቦች በርክተዋል። በእነዚህ መኪኖች መሪውን የሚያግዘው ሞተር ስለሆነ የቺንጊያው ጣጣ የለም። ቦል ጆይንቱ፣ ቡሹና ኩሽኔታው ግን እዚያው ናቸው፤ የባትሪው ክብደትም ተጨምሮባቸዋል።

መቼ ይቁሙ?

ከድምፁ ጋር መሪው ከላላ፣ መኪናው ወደ አንድ ጎን ከሳበ፣ ጉድጓድ ላይ «ጓ» ካለ ወይም የጎማው አንድ ጠርዝ ብቻ ከተበላ ከከተማ አይውጡ። ያለቀ ቦል ጆይንት ከመቀመጫው ከወጣ ጎማው ይታጠፋል፤ መኪናውም ከመሪው ትእዛዝ ውጭ ይሆናል። ይህ በቁልቁለት ላይ፣ ልጆች ከኋላ ተቀምጠው ሲደርስ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አይከብድም።

ጋራዥ ሲደርሱ «ይጮኻል» ብቻ አይበሉ። በየትኛው ጎን፣ ቆመው ወይስ እየነዱ፣ ጠዋት ሲቀዘቅዝ ወይስ ሲሞቅ እንደሆነ ይንገሩ። ዕቃ ከመቀየሩ በፊት መኪናው በክሪክ ተነሥቶ ጎማው ሲነቃነቅ በዓይንዎ ይዩ፤ አላስፈላጊ ወጪ የሚቀረው እዚህ ላይ ነው። ቴስቲና ከተቀየረ አላይመንት ማሠራት አይርሱ።

አበው «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ይላሉ። የበዓል ጉዞ ካሰቡ ፍተሻውን ለመውጫው ዋዜማ አያቆዩት፤ ዕቃ ቢጠፋ ፈልጎ ለመቀየር ጊዜ ይኖርዎታል።